ክራክ ሳትፈልጉ ዳታቤዝ የምትነድፉባቸውና የምትጠይቁባቸው ነፃ መሣሪያዎች

ዳታቤዝ መሥራት የጀመረ ሰው በቴሌግራም ግሩፕ ላይ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የናቪካት ክራክ ያለው አለ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ይገባኛል። ናቪካት የሚሸጥ የዳታቤዝ መሣሪያ ነው፤ ዋጋው በዶላር ነው፤ በዶላር የሚከፈልበት ካርድ ደግሞ ብዙዎቻችን የለንም። ግን አንድ ነገር አስቡ። ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ፈቃዱ ተሰብሮ ሳይከፈልበት እንዲሠራ የተደረገ ፕሮግራም ማን እንደነካካው አይታወቅም። እናንተ ደግሞ እሱ ላይ የምትጽፉት የመሥሪያ ቤታችሁን ወይም የደንበኛችሁን የዳታቤዝ ፓስወርድ ነው። እዚህ አደጋ ውስጥ መግባት ጨርሶ አያስፈልግም፤ በሕጋዊ መንገድ በነፃ የሚገኙት መሣሪያዎች አብዛኛውን ሥራችንን ይሸፍናሉ።

ችግሩ መብዛታቸው ነው። «ምርጡ የቱ ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ አሥር ሰው አሥር ስም ይጠራላችኋል። እኔ የምመክረው ቅደም ተከተል ይኼ ነው፦ መጀመሪያ ዳታው የት እንዳለ እወቁ፣ ከዚያ መሣሪያውን ምረጡ፣ ቀጥሎ ንደፉ፣ በመጨረሻ ጠይቁ።

አንድ፦ ዳታው የት ነው ያለው?

ሁለት ነገሮችን እንለይ። ማይኤስኪውኤል፣ ፖስትግሬስኪውኤል፣ ኤስኪውኤል ሰርቨርና ኤስኪውላይት ዳታውን የሚያስቀምጡ ሞተሮች ናቸው። ግራፊካል መሣሪያ የምንለው ሞተሩን በመስኮትና በማውስ የምናዝበትን ፕሮግራም ነው። ሞተሩን ሳታውቁ መሣሪያ ብታወርዱ የኢንተርኔት ዳታ መጨረሳችሁ ብቻ ነው።

ዌብሳይት ከሆነና ሲፓናል (የሆስቲንግ መቆጣጠሪያ ገጽ) ባለው ሆስቲንግ ላይ ካለ፣ ሞተሩ ማይኤስኪውኤል ወይም ማሪያዲቢ ነው ብላችሁ ጀምሩ። መሥሪያ ቤት ውስጥ በዊንዶውስ የሚሠራ የሂሳብ ወይም የንብረት ፕሮግራም ከሆነ ብዙ ጊዜ ኤስኪውኤል ሰርቨር ነው። አንድ ላፕቶፕ ላይ ያለ ነጠላ ፋይል ወይም የሞባይል አፕ ዳታ ከሆነ ኤስኪውላይት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ገና ከዜሮ የምትጀምሩና ተጠቃሚው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ፣ ሰርቨር መጫን ሳያስፈልጋችሁ በኤስኪውላይት ወይም ከነፃው የቢሮ ፕሮግራም ከሊብሬኦፊስ ጋር በሚመጣው በሊብሬኦፊስ ቤዝ መጀመር ትችላላችሁ።

ሁለት፦ መሣሪያውን ምረጡ

ለኤስኪውላይት ዲቢ ብራውዘርን አውርዱ። ቀላል ነው፤ ሳይጫን ከፍላሽ ላይ የሚሠራም ዓይነት አለው። ጀማሪን የሚያስደነግጥ አንድ ጠባይ ግን አለው። የጻፋችሁት ነገር «ራይት ቼንጅስ» የሚለውን ቁልፍ ወይም ኮንትሮልና ኤስን እስክትጫኑ ድረስ ፋይሉ ላይ አይሰፍርም። መብራት ቢጠፋ ያልተጫነው ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ በየጥቂት ረድፉ መጫንን ልማድ አድርጉት። ከተጫነ በኋላ ግን ኤስኪውላይት ጠንካራ ነው፤ በድንገተኛ የኃይል መቋረጥ ፋይሉ እንዳይበላሽ ታስቦ የተሠራ ሞተር ነው።

ለማይኤስኪውኤልና ለማሪያዲቢ፣ ኮምፒውተራችሁ ዊንዶውስ ከሆነና ራሙ ትንሽ ከሆነ ሃይዲኤስኪውኤልን አስቀድሙ። በጣም ቀላል ነው፣ ቶሎ ይከፍታል፣ ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው። ማይኤስኪውኤል ወርክቤንች ከበድ ይላል። ሆኖም ዲያግራም ስላችሁ በቀጥታ ወደ ሠንጠረዥ ለመቀየር፣ ወይም ያለውን ዳታቤዝ ወደ ዲያግራም ለመመለስ ከነፃዎቹ ውስጥ ጥሩ አማራጭ ነው። ማሪያዲቢ ላይ ስትከፍቱት ግን አልስማማም የሚል ማስጠንቀቂያ ያሳያችኋል። ሆስቲንግ ላይ ከሆናችሁ ምንም ማውረድ ላያስፈልግ ይችላል። ፒኤችፒማይአድሚን እዚያው ተጭኖ ይጠብቃችኋል፤ እሱም «ዲዛይነር» የሚባል የሥዕል ገጽ አለው። ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው፤ መልኩ ያረጀ ቢመስልም አትናቁት።

ለፖስትግሬስኪውኤል ፒጂአድሚን አለ፤ አዳዲሶቹ ዕትሞቹ የዲያግራም መሣሪያም ይዘዋል። ለኤስኪውኤል ሰርቨር ከማይክሮሶፍት በነፃ የሚወርደውን ማኔጅመንት ስቱዲዮ ተጠቀሙ። የቆዩ ቪዲዮዎች አዙር ዳታ ስቱዲዮን ይመክሯችኋል። እሱ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2026 ድጋፉ ስለተቋረጠ አዲስ ነገር አትጀምሩበት።

ከተለያየ ሞተር ጋር የምትሠሩ ከሆነ ዲቢቨር ኮሚዩኒቲን ውሰዱ። ሁሉንም በአንድ መስኮት ያገናኛል፤ ያሉትን ሠንጠረዦች ግንኙነታቸውን ጭምር በራሱ ይስላል። ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ከአዲስ ሞተር ጋር መጀመሪያ ስታገናኙት ድራይቨር (ከሞተሩ ጋር የሚያግባባውን ትንሽ ፕሮግራም) ከኢንተርኔት ያወርዳል። ኢንተርኔት ወደሌለበት ቢሮ ይዛችሁት የምትሄዱ ከሆነ፣ ኔትወርክ ባለበት ቦታ አንዴ አገናኝታችሁ ድራይቨሩ መውረዱን አረጋግጡ። ሁለተኛ፣ ኩዌሪን (ለዳታቤዙ የሚቀርበውን ጥያቄ) በማውስ እየጎተቱ የሚሠሩበት ገጽ ያለው በሚከፈልበት ዕትም ነው። ነፃው ላይ ፈልጋችሁ ብታጡት ጥፋቱ የእናንተ አይደለም።

ኩዌሪን ያለኮድ በማውስ መሥራት ከፈለጋችሁ እኔ የምመክረው ሊብሬኦፊስ ቤዝን ነው። ማይክሮሶፍት አክሰስን ያያችሁ ከሆነ ወዲያው ትግባባላችሁ። ከታች ያለውን ምሳሌም በእሱ እንሠራዋለን።

አንድ ማስታወሻ ለተማሪዎችና ለመምህራን። የዩኒቨርሲቲ ኢሜይል ካላችሁ ጄትብሬይንስ የሚሸጠውን ዳታግሪፕ በትምህርት ፈቃድ በነፃ ማግኘት ትችላላችሁ። ጥሩ መሣሪያ ነው።

ከማውረዳችሁ በፊት የ«ነፃ»ውን ዓይነት አጣሩ። «ኦፕን ሶርስ» ወይም «ኮሚዩኒቲ ኤዲሽን» የሚል ከሆነ ጊዜ አያልፍበትም። «ትራያል» ካለ ቀኑ ሲያልቅ ይዘጋል። «ፍሪ ቲየር» ካለ ደግሞ የሆነ ገደብ አለው፤ ለምሳሌ ቴብልፕላስ ሳይከፈልበት ቢሠራም በአንድ ጊዜ የሚከፈቱትን ታቦች ይገድባል። የምታወርዱት ደግሞ ከፕሮግራሙ ከራሱ ገጽ ይሁን። ጉግል ላይ ከላይ የሚመጡ ማስታወቂያዎችን እለፏቸው፤ አስመስለው የተሠሩ ገጾች እዚያ ይገባሉ።

ሦስት፦ መጀመሪያ በወረቀት ንደፉ

ለምሳሌ የአንድ እድር ጸሐፊ መዝገብ እንውሰድ። አባላት አሉ፤ በየወሩ ይከፍላሉ። ጸሐፊው ማወቅ የሚፈልገው ማን እንዳልከፈለና ስንት ብር እንደተሰበሰበ ነው። ብዙ ሰው ይህን በኤክሴል አንድ ገጽ ላይ ይሠራዋል፦ ስም በግራ፣ ወራት ወደ ቀኝ። ዓመቱ ሲያልቅ ሌላ ገጽ ይከፈታል። ሦስት ዓመት ሲሞላው ማን መቼ እንዳቋረጠ ለማወቅ ሦስት ገጽ ማመሳከር ግድ ይሆናል።

በዳታቤዝ ሁለት ሠንጠረዥ ይበቃል። አንደኛው የአባላት፣ ሁለተኛው የክፍያ ነው። አንድ አባል ብዙ ክፍያ አለው፤ አንድ ክፍያ ግን የአንድ አባል ብቻ ነው። ወረቀት ላይ ሁለት ሳጥን ስላችሁ በመስመር አገናኟቸው።

የአባላቱ ሳጥን ውስጥ መለያ ቁጥር፣ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ስልክና የገባበት ቀን ይግቡ። እዚህ ጋ ከውጭ ትምህርት የተቀዳ ነገር አትከተሉ። በፈረንጅ ናሙናዎች ላይ ሁለት የስም ዓምድ ብቻ ነው ያለው፤ ሁለተኛውም የቤተሰብ መጠሪያ ነው። የእኛ አሰያየም እንደዚያ አይደለም። ሦስቱንም ለየብቻ አስቀምጡ፤ ሰፈር ውስጥ በስምና በአባት ስም የሚመሳሰል ሰው አይጠፋም። ስልክ ደግሞ የጽሑፍ ዓይነት ይሁን። ቁጥር ካደረጋችሁት መጀመሪያ ላይ ያለችው ዜሮ ትጠፋለች።

የክፍያው ሳጥን ውስጥ የክፍያ መለያ፣ የአባሉ መለያ፣ ዓመት፣ ወር፣ የብር መጠንና የተከፈለበት ቀን ይግቡ።

ስለ ቀን ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የዳታቤዝ የቀን ዓይነት የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ብቻ ነው። ጥቅምት 30ን በቁጥር ብታስገቡ ወሩ 2፣ ቀኑ 30 ይሆናል። ሞተሩ ፌብሩዋሪ 30 አድርጎ ያየውና አይቀበልም። ጳጉሜን ወር 13 ብላችሁ ብትጽፉም ያው ነው። ኤስኪውላይት ደግሞ የባሰ ነው፤ የተለየ የቀን ዓይነት ስለሌለው ዝም ብሎ እንደ ጽሑፍ ይቀበላችኋል። ስህተቱ የሚታየው ቆይቶ ቀን ስታሰሉ ነው። የእኔ መፍትሔ ሁለቱን መለየት ነው። ክፍያው «የየትኛው ወር» እንደሆነ በተራ ቁጥር ይቀመጥ፦ ዓመት 2018፣ ወር 4፤ ታኅሣሥ ማለት ነው። ብሩ እጅ የገባበት ትክክለኛ ቀን ግን በቀን ዓይነት፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ይመዝገብ። እንዲህ ሲሆን ሪፖርቱ በእኛ ወራት ይወጣል፣ የቀን ስሌቱም አይዛባም።

ሠንጠረዡ ከአምስት ስድስት ሲያልፍ ወረቀት ይጠባል። ያኔ ድሮውዲቢ የሚባለውን በብራውዘር ክፈቱት። ነፃና ኦፕን ሶርስ ነው፣ ምዝገባም አይጠይቅም። ሳጥኖቹን ጎትታችሁ ታገናኛላችሁ። ሲያልቅ ለመረጣችሁት ሞተር የሚሆነውን የኤስኪውኤል (ዳታቤዝ የሚታዘዝበት ቋንቋ) ጽሑፍ አውጥቶ ይሰጣችኋል። እሱን ዲቢ ብራውዘር ወይም ሃይዲኤስኪውኤል ላይ ለጥፋችሁ ስታስኬዱት ሠንጠረዦቹ ይፈጠራሉ። ሥዕሉ የሚቀመጠው በብራውዘራችሁ ውስጥ ስለሆነ በጋራ ኮምፒውተር ላይ የምትሠሩ ከሆነ ፋይል አድርጋችሁ አውጡት።

አራት፦ በቤዝ ገንቡት

ሊብሬኦፊስን ጫኑ። ቤዝ አብሮት የሚመጣው ኤችኤስኪውኤልዲቢ የሚባል ሞተር እንዲሠራ ጃቫ ይፈልጋል፤ ከሌላችሁ እሱንም ጫኑ። ቤዝን ክፈቱና አዲስ ዳታቤዝ መፍጠርን መርጣችሁ ፋይሉን ስም ስጡት።

በግራ በኩል «ቴብልስ» የሚለውን ተጭናችሁ በዲዛይን ቪው ሠንጠረዥ መፍጠርን ምረጡ። የዓምዶቹን ስም በላቲን ፊደል፣ በትንንሹና ያለክፍተት ጻፉ። ውስጣቸው የሚገባው ዳታ ግን በአማርኛ ይሁን። የአማርኛ ዓምድ ስምም ይሠራል፤ ግን ቆይቶ ኮድ ስትጽፉ ወይም ወደ ሌላ ሞተር ስትዛወሩ ያስቸግራችኋል። ለመለያው ዓምድ «ኢንቲጀር» መርጣችሁ ከታች «አውቶቫልዩ»ን «የስ» አድርጉት፤ ከዚያ ረድፉን በቀኝ ማውስ ተጭናችሁ ፕራይመሪ ኪይ (እያንዳንዱን መዝገብ ከሌላው የሚለይ ዓምድ) አድርጉ። ይህን ከረሳችሁ ቤዝ ዳታ እንድታስገቡ አይፈቅድም፤ «ለምን አይጽፍልኝም» የሚለው ጥያቄ ምንጩ አብዛኛውን ጊዜ ይኼ ነው። ለብሩ «ዴሲማል» ከሁለት የነጥብ ቦታ ጋር ምረጡ።

የክፍያውን ሠንጠረዥ ዲዛይን እንደከፈታችሁ «ቱልስ» ውስጥ ገብታችሁ «ኢንዴክስ ዲዛይን»ን ክፈቱ። የአባል መለያን፣ ዓመትንና ወርን በአንድ ላይ አድርጋችሁ «ዩኒክ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጉ። ከዚህ በኋላ አንድ ሰው የአንድ ወር ክፍያ ሁለት ጊዜ ሊመዘገብለት አይችልም። የጸሐፊ ጭቅጭቅ ግማሹ እዚህ ላይ ያልቃል።

ቀጥሎ ከዋናው መስኮት «ቱልስ»፣ ከዚያ «ሪሌሽንሺፕስ»። ሁለቱን ሠንጠረዦች አምጡና የአባሉን መለያ ከአንዱ ወደ ሌላው ጎትቱ። ስህተት ካሳየ የሁለቱን ዓምዶች ዓይነት አስተያዩ፤ ሁለቱም «ኢንቲጀር» መሆን አለባቸው።

የቆየ የኤክሴል ዝርዝር ካላችሁ በእጅ አትገልብጡት። በሊብሬኦፊስ ካልክ ክፈቱት፣ ዝርዝሩን ከነርዕሱ ኮፒ አድርጉ፣ ቤዝ ላይ «ቴብልስ» ውስጥ ፔስት አድርጉ። የሚመጣው መስኮት ላይ «አፔንድ ዳታ»ን መርጣችሁ ዓምዶቹን ታዛምዳላችሁ። በሲኤስቪ ፋይል (ዓምዶቹ በነጠላ ሰረዝ የሚለዩበት ተራ የጽሑፍ ፋይል) ወደ ሌላ መሣሪያ የምታስገቡ ከሆነ ግን ከኤክሴል ስታስቀምጡ «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ 8» የሚለውን ምረጡ። ተራውን ሲኤስቪ ከመረጣችሁ የአባላቱ ስም በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይመጣል። አንዴ እንዲያ ሆኖ ከተቀመጠ ደግሞ ወደ ፊደል አይመለስም።

አምስት፦ «ማን አልከፈለም?» ብላችሁ ጠይቁ

በቀላሉ እንጀምር። «ኩዌሪስ» ውስጥ ገብታችሁ በዲዛይን ቪው አዲስ ኩዌሪ ክፈቱ። የክፍያውን ሠንጠረዥ አምጡ፣ ዓመትን፣ ወርንና ብርን ሁለት ሁለት ጊዜ ተጫኗቸው። «ፈንክሽን» በሚለው ረድፍ ላይ ለዓመትና ለወር «ግሩፕ»፣ ለብር «ሰም» ምረጡ። ኤፍ5ን ስትጫኑ በየወሩ የተሰበሰበው ድምር ይመጣል። አንድም መስመር ኮድ አልጻፋችሁም።

ያልከፈለውን መፈለግ ግን ጠንቀቅ ማለት ይፈልጋል። የምትፈልጉት የሌለ ነገር ነው፤ ያልከፈለ ሰው በክፍያው ሠንጠረዥ ውስጥ ረድፍ የለውም። ሁለቱን ሠንጠረዦች ዝም ብላችሁ አገናኝታችሁ «ወር 4» ብትሉ የሚመጡት የከፈሉት ብቻ ናቸው። በሁለት እርምጃ ሥሩት።

መጀመሪያ የታኅሣሥን ክፍያ ብቻ የሚያወጣ ኩዌሪ አዘጋጁ። የአባል መለያ፣ ዓመትና ወር ይግቡ። «ክራይቴሪየን» ረድፍ ላይ በዓመቱ ሥር 2018፣ በወሩ ሥር 4 ጻፉ። ዓመቱን ከዘለላችሁት አምና ታኅሣሥ የከፈለ ሰው ዘንድሮም እንደከፈለ ይቆጠርለታል። ስም ሰጥታችሁ አስቀምጡት።

ከዚያ ሁለተኛ ኩዌሪ ክፈቱ። የአባላቱን ሠንጠረዥ አምጡ፤ በዚያው መስኮት «ኩዌሪስ» የሚለውን መርጣችሁ አሁን ያስቀመጣችሁትንም ጨምሩ። የአባሉን መለያ ከአንዱ ወደ ሌላው ጎትታችሁ አገናኙ። አሁን መስመሩን ራሱን ሁለት ጊዜ ተጫኑት። በሚከፈተው መስኮት ላይ ዓይነቱን ወደ «ሌፍት ጆይን» ቀይሩ። ከሥሩ ያለውን ማብራሪያ አንብቡ፤ ሁሉም መዝገብ የሚመጣው ከአባላቱ ሠንጠረዥ መሆኑን መናገር አለበት። ተገላቢጦሽ ከሆነ «ራይት ጆይን»ን ምረጡ።

ከአባላቱ ስምን፣ የአባት ስምንና ስልክን አውጡ። ከተቀመጠው ኩዌሪ ደግሞ የአባል መለያውን አውጥታችሁ «ክራይቴሪየን» ላይ «ኢዝ ኤምፕቲ» የሚለውን በእንግሊዝኛው ጻፉ፤ «ቪዚብል» ላይ ያለውን ምልክት አንሱ። ኤፍ5። የታኅሣሥን ያልከፈሉ ሰዎች ከነስልካቸው ፊታችሁ ናቸው።

እዚያው ላይ ዲዛይን ቪውን የሚያጠፋውን ቁልፍ ተጫኑ። በማውስ የሠራችሁት በኤስኪውኤል ተጽፎ ታዩታላችሁ። ቋንቋውን ለመማር ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም፤ ትርጉሙን አስቀድማችሁ የምታውቁትን ዓረፍተ ነገር ነው የምታነቡት።

ስም ስትፈልጉ የሚጠፋባችሁ ለምንድን ነው?

አንዱ ጸሐፊ «ኃይሉ» ብሎ መዘገበ፤ ሌላው «ሀይሉ» ብሎ ፈለገ። ለእኛ አንድ ስም ነው፤ ለዳታቤዙ ግን የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። አባላት ጥቂት ከሆኑ አንድ አጻጻፍ ተስማምታችሁ ያዙ። ብዙ ከሆኑ አንድ ተጨማሪ የመፈለጊያ ዓምድ ክፈቱ፤ እዚያ ላይ ሐ፣ ኀ፣ ሃ እና ኃ ሁሉም ሀ፣ ሠ ሁሉ ሰ እየሆነ ይግባ። የሰውየው ስም እሱ እንደሚጽፈው በራሱ ዓምድ ይቆያል፤ ፍለጋው በሌላው ይካሄዳል።

ቅደም ተከተሉ ግን አያሳስባችሁ። ፊደላችን በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት የሚያስቀምጡበት የጋራ ሥርዓት) ውስጥ የተደረደረው በሀ ለ ሐ መ ቅደም ተከተል ስለሆነ ስሞቹ በለመድነው መንገድ ይሰለፋሉ። ማይኤስኪውኤል ላይ ከሆናችሁ ዳታቤዙን ስትፈጥሩ «ዩቲኤፍ8ኤምቢ4» የሚለውን ምረጡ። በድሮ ዩኒኮድ ባልሆነ ፎንት የተጻፈ ዝርዝር ካላችሁ ግን ከማስገባታችሁ በፊት ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለበት፤ ያለዚያ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ነው የሚገባው።

በሥራ ላይ ያለ ዳታቤዝ ከመንካታችሁ በፊት

ከሰርቨር ጋር የምትገናኙ ከሆነ፣ ለማየት ብቻ የሚያስችል የተጠቃሚ ስም ከኃላፊው ጠይቁ። ዲቢቨር ላይ ግንኙነቱን «ሪድ ኦንሊ» ማድረግ ይቻላል፤ ዓይነቱንም «ፕሮዳክሽን» ብትሉት በቀለም ይለይላችኋል። ለውጥ ስታደርጉ መጀመሪያ ለለውጡ የምትጽፉትን ቅድመ ሁኔታ ይዛችሁ የሚነኩትን ረድፎች አውጥታችሁ እዩ። ሦስት ረድፍ ጠብቃችሁ ሦስት መቶ ከመጣ እጃችሁን ሰብስቡ።

ቤዝ ላይ ደግሞ የምታስገቡት ዳታ ወደ ፋይሉ በደንብ የሚገባው ፋይሉን ስታስቀምጡና ስትዘጉ ነው። እየሠራችሁ ደጋግማችሁ አስቀምጡ። ስትጨርሱ ዝጉትና ፋይሉን ቀን የያዘ ስም ሰጥታችሁ ፍላሽ ላይ ቅዱት፤ ሌላ ቅጂ ኢሜይላችሁ ላይ ይቀመጥ። በወር አንዴ የሁለቱን ሠንጠረዦች ዳታ ወደ ካልክ ጎትታችሁ በሲኤስቪ አስቀምጡ። ነገ ሌላ ጸሐፊ ቢመረጥና ቤዝን ባይወደው፣ ሲኤስቪውን እዚህ ከጠራኋቸው መሣሪያዎች አብዛኞቹ ይቀበሉለታል።